የፈላና በር ድንጋይና የመኪናዬ ግራ እግር

መኪናዬ ወደ ግራ ትስባለች። ትስብ ነበር ማለቴ ነው፤ አፌ ስለለመደው ነው። ለወራት ከማንም ጋር ሳወራ ወሬዬ ዞሮ ዞሮ እዚያው ላይ ስለሚያርፍ የትምህርት ቤታችን ባልደረቦች ገና ከሩቅ ሲያዩኝ "ዛሬስ ቀና አለች?" ይሉኝ ጀመር። በእነዚያ ወራት የባለቤቴን ጤና የጠየቀኝ ሰው አላስታውስም።

እኔ ሐረር ተወልጄ ሐረር ለማርጀት ጥቂት የቀረኝ የሒሳብ አስተማሪ ነኝ። ትይዩ መስመሮች የቱንም ያህል ቢረዝሙ እንደማይገናኙ ለአስራ ስምንት ዓመት አስተምሬአለሁ። ይህችን ነገር ያዙልኝ፤ ኋላ የምታሳፍረኝ እሷ ናት። ቤታችን በአሮጌው የከተማ ግንብ ውስጥ፣ ፈላና በርን ገባ እንዳሉ ነው። በእኛ መተላለፊያ መኪና አይገባም። መኪና ቀርቶ እኔና ጎረቤቴ ጃንጥላ ዘርግተን ከተገናኘን አንዳችን ማጠፍ አለብን። ስለዚህ መኪናዬ የምታድረው ከበሩ ውጭ፣ ግንቡ ስር ነው።

መኪና ስላችሁም ብዙ አትጠብቁ። ሊብሬዋ ላይ ሰማያዊ ናት ይላል፤ እኔም የማምነው ሊብሬውን ነው። ግን የራሴ ናት። ከገዛኋት ጀምሮ አካሄዴ እንኳ ተለውጧል ብላ ባለቤቴ ታማኛለች። ቁልፉን ጣቴ ላይ እያሽከረከርኩ ሽንኩርት ልገዛ ስወጣ አይታኝ ነው።

ሽንኩርቱን የምገዛው ከአዴ ዘሃራ ነው። አዴ ዘሃራ በየማለዳው ከድሬ ጠያራ በአህያ እየመጡ፣ መኪናዬ ከምትቆምበት ቦታ አጠገብ ጆንያቸውን ዘርግተው ቲማቲም፣ ሽንኩርትና ቃሪያ ይሸጣሉ። እኔ ትምህርት ቤት ሳልገባ ጀምሮ እዚያው ናቸው። መኪናዋን ገዝቼ የመጣሁ ቀን ከሰው ሁሉ ቀድመው እጃቸውን ኮፈኗ ላይ አሳርፈው "የኸይር ያድርግልህ" ያሉኝ እሳቸው ናቸው።

በዚህ ዓመት ለአዴ ዘሃራ ሐጅ ወጣላቸው። ሰፈሩ ሁሉ ተደሰተ። ልጆቻቸው ወደ ድሬዳዋ አውሮፕላን ማረፊያ የሚሄዱበት ሚኒባስ አዘጋጁ። እሳቸው ግን እኔ ከትምህርት ቤት ስመለስ ጠብቀው ያዙኝ።

"እኔ በሚኒባስ አልሄድም" አሉኝ። "ያስመልሰኛል። ልጆቹ ይሂዱበት። እኔን የምትወስደኝ አንተ ነህ።"

"እኔ?"

"አቦ፣ የሰፈሬ ልጅ መኪና እያለው በሰው መኪና ልሂድ? መካ ደርሼ ምን ብዬ ዱዓ ላደርግልህ ነው?"

እጄን ደረቴ ላይ አድርጌ ቃል ገባሁ። ኢንሻአላህ በል አሉኝ፤ ኢንሻአላህ አልኩ። ከዚያ ቤቴ ገብቼ ቁጭ ስል ደንገጎ ትዝ አለኝ። ደንገጎን ለማያውቅ፣ ከሐረር ወደ ድሬዳዋ ሲወርዱ መንገዱ እየተጠማዘዘ ቁልቁል የሚወርድበት ቦታ ነው። በአንድ በኩል ተራራ፣ በአንድ በኩል ገደል አለ። ገደሉ በየትኛው በኩል እንደሆነ ለማስታወስ በሞከርኩ ቁጥር በግራ በኩል ብቻ ነበር የሚታየኝ።

ሕክምናውን የጀመርኩት ራሴው ነኝ። በመጀመሪያ መሪውን ወደ ቀኝ ገፋ አድርጌ በመያዝ ቀጥ አድርጌ እነዳት ነበር። ይህ ሠርቷል፤ ቀኝ ክንዴ ከግራው እየወፈረ ከመሄዱ በቀር ችግር አልነበረውም። ቀጥሎ ነገሩን በሒሳብ መረመርኩት። የሚነዳ ሰው የሚቀመጠው በግራ ነው፤ ስለዚህ መኪናዋን ወደ ግራ የሚጎትታት የእኔ ክብደት ነው። አንድ ሳምንት ሙሉ ራት ተውኩ። ለውጥ የለም። ሚዛኑን በቀኝ በኩል ለማስተካከል ደግሞ ግርማ የሚባለውን የስፖርት አስተማሪያችንን፣ በር ሲያልፍ በጎኑ የሚያልፈውን ሰው፣ ከጎኔ አስቀመጥኩት። ከኋላ ሁለት አስተማሪዎችን ወደ ቀኝ ጥግ አጠጋግቼ የግራውን ወንበር ባዶ ተውኩ። ሰዎቹ አንዱ ባንዱ ላይ ተደራርበው ሲጓዙ ያየ ሁሉ ግራው ወንበር ላይ ምን ፈሰሰ ይል ነበር። መኪናዋ ግርማንም ይዛ ወደ ግራ ሄደች።

በዚህ መሀል ደግሞ ከፊት በኩል የማልቀስ ዓይነት ድምፅ መጣ። ጎሚስታው ጀማል ዘንድ ሄድኩ። ጀማል ከግንቡ ውጭ፣ አዲሱ ከተማ ውስጥ ጎማ የሚጠግንና የሚቀይር፣ ጉንጩ ከሰዓት በኋላ ብቻ የሚያብጥ የተረጋጋ ሰው ነው። ልጁ እኔ ክፍል ይማራል።

"ጎማው አዲስ ነው፣ እየው" አልኩት፤ የጎማውን ፊት በኩራት እያሳየሁ። "ጥርሱ ሁሉ ቆሟል።"

ጀማል ክሪኩን ከስር አስገብቶ መኪናዋን አነሳና "መምህር፣ እስቲ ጎንበስ ብለህ በውስጥ በኩል እየው" አለኝ።

ጎንበስ አልኩ። ከውጭ አዲስ የሆነው የግራ ጎማ በውስጥ በኩል ራሴን መስሏል። ለማታውቁኝ፣ መላጣ ነኝ።

ደሜ ፈላ። በቀጥታ ጎማ የሸጠልኝ ነጋዴ ዘንድ ሄጄ፣ ገበያተኛ በተሰበሰበበት ስለ ታማኝነት ግማሽ ክፍለ ጊዜ የሚሆን ትምህርት ሰጠሁት። ነጋዴው እስክጨርስ ሰምቶ ሻይ አዘዘልኝ። ይህን ሻይ ጠጥቼ መሄዴን አሁን ሳስበው ፊቴ ይቃጠላል።

ከዚያ ለጀማል መፍትሔ አመጣሁለት። የግራውን ጎማ ወደ ቀኝ፣ የቀኙን ወደ ግራ እንዲያዞረው አዘዝኩት። ያዝዛል እንጂ አስተማሪ መቼ ይጠይቃል! ጀማል ከንፈሩን ነክሶ "ሃዬ" አለና አደረገው። ከወር በኋላ ስመለስ አንድ የነበረው መላጣ ጎማ ሁለት ሆኖ ነበር።

ያን ቀን ጀማል መፍቻውን አስቀመጠና "ጫማህን አውልቅ" አለኝ።

"ለምን?"

"አውልቅ አቦ።"

አወለቅኩ። ጫማዬን ገልብጦ አሳየኝ። የሁለቱም ተረከዝ በውጭ ጠርዙ በኩል ተበልቶ አልቋል፤ በውስጥ በኩል ግን ደህና ነው።

"አካሄድህ ነው እንዲህ ያደረገው" አለኝ። "ጫማ ሰሪው ምን አጠፋ? ሄደህ ጮህክበት?"

የጎማ ነጋዴው ሻይ ትዝ አለኝ።

"በል አሁን እጅህን ጎማው ላይ አድርግ። ከውስጥ ወደ ውጭ ዳብሰው። አሁን ደግሞ ከውጭ ወደ ውስጥ።"

ባንድ በኩል ልስልስ ያለው ጎማ በመልሱ መጋዝ ሆኖ መዳፌን ቧጠጠኝ።

"ይሄ ተንከባሎ ያለቀ ጎማ አይደለም፤ ተፈግፍጎ ያለቀ ነው" አለ ጀማል። "የፊት ጎማዎች ሁለቱም እኩል ወደ ፊት ማየት አለባቸው። ያንተዎቹ ተኳርፈዋል። ግራው ወደ ግራ ያያል፣ ቀኙ ወደ ቀኝ። መኪናው ግን የሚሄደው ወደ ፊት ነው። ታዲያ ጎማው ምን ያድርግ? እየተንከባለለም በጎኑ ይጎተታል። በየእርምጃው ትንሽ ትንሽ አስፋልቱ ላይ ይታሻል። ወደ ውጭ ሲያዩ ውስጡ ይበላል፤ ወደ ውስጥ ቢተያዩ ደግሞ ውጭው ይበላ ነበር። አዲስ ጎማ ብታስር፣ ግራ ቀኝ ብታዞር፣ አካሄዱ ካልተስተካከለ ያው ነው። አላይመንት ነው የሚያስፈልግህ።"

"በኮምፒውተር የሚሠራው?"

"ኮምፒውተርም ይሠራዋል። እኔ በሲባጎ ነው የምሠራው።"

አዲስ ጎማዎች ፊት ላይ አሰርን። ጀማል በመኪናዋ ግራና ቀኝ፣ በጎማዎቹ ወገብ ልክ፣ ከኋላ እስከ ፊት ሁለት ሲባጎ ወጠረ። ሁለቱ ሲባጎዎች ከፊትም ከኋላም በእኩል ርቀት እስኪቆሙ ድረስ ወዲያ ወዲህ አላቸው። ከዚያ በሜትር ከሲባጎው እስከ ቸርኬው የፊት ጠርዝ፣ ከሲባጎው እስከ ቸርኬው የኋላ ጠርዝ ለካ። ሁለቱ ልኬቶች እኩል መምጣት ሲገባቸው በግራ በኩል የፊተኛው ከኋለኛው በግማሽ ጣት አነሰ። ጎማው አፍንጫውን ወደ ውጭ አዙሯል ማለት ነው። ጎማው ከላይ ወደ ጎን አዘንብሎ ከሆነም ክብደቱ ባንድ ጠርዝ ላይ አርፎ ይበላዋል ብሎ በቱምቢ አየው፤ ያ ደህና ነበር።

"ሁለቱ ጎማዎች ትይዩ አይደሉም ማለት ነዋ!" አልኩት፤ አንድ ትልቅ ነገር ያገኘሁ መስሎኝ።

ጀማል ቀና ብሎ አየኝ። "ልጄ ሲያጠና እሰማዋለሁ። እነዚያ አይገናኙም የምትሏቸው መስመሮች ናቸው? ታዲያ ይሄን ሁሉ ጊዜ ታውቀው ነበር?"

ጀማል ከስር ገብቶ ጎማውን ከመሪው ጋር የሚያያይዘውን ዘንግ ማሰሪያ አላልቶ፣ ዘንጉን ጥቂት አዙሮ፣ እንደገና ለክቶ አጠበቀው። መኪናዬ እንደ ማስመሪያ ቀጥ ብላ ሄደች። ደስታዬ ልክ አልነበረውም። ባልደረቦቼ እንዲያዩኝ ብዬ በትምህርት ቤታችን በር ፊት ሁለት እጄን ከመሪው አንስቼ አለፍኩ። አንድ የባጃጅ ሾፌር "ያ ጀመዓ፣ ሰውየው አብዷል!" ብሎ ሲጮህ ሰማሁት።

ይህ የሆነው ሐሙስ ነው። አዴ ዘሃራ የሚሄዱት ማክሰኞ ጠዋት ነው። ዓርብ ጠዋት መኪናዬ ወደ ግራ ሳበች።

ቅዳሜ ጀማል እንደገና አስተካከላት፤ እሁድ እንደገና ሳበች። አዲሱን ጎማ በመልሱ ዳበስኩት፤ መጋዙ መብቀል ጀምሯል። በዚያው ቀን አዴ ዘሃራ ሰፈሩን እየዞሩ ሰው ሁሉ አውፍ እንዲላቸው ይለምኑ ነበር። ሐጅ የሚሄድ ሰው ሳይሄድ በፊት ያስቀየመውን ሁሉ ይቅርታ ይጠይቃል። ቲማቲማቸውን ጨፍልቀው የሰደቧቸውን ባጃጆች ሳይቀር አውፍ አስባሉ። እኔም ዘንድ መጡ።

"አውፍ በለኝ ልጄ።"

"እኔን ደግሞ ምን አድርገውኝ ያውቃሉ!" ብዬ ሳቅኩ።

"ይሁን። ሳላውቅም ቢሆን።"

"ምንም የለም አዴ ዘሃራ" አልኳቸው። እሳቸው ንጹሕ ሆነው ሊሄዱ የዞሩትን ያህል እኔ ደንገጎ ላይ የምጨርሳቸው መሰለኝ። ሌላ መኪና ይፈልጉ ማለት ነበረብኝ። አፌን ያሰረው ኩራቴ ነው፤ ሌላ አይደለም።

ሰኞ ከሰዓት በኋላ ጀማል ፊት ቆሜ "ሲባጎህ ውሸታም ነው" አልኩት።

አልተቆጣም። "ሲባጎ አይዋሽም። ያልደረስኩበት ነገር አለ" አለና ዕቃውን ሰብስቦ መኪናዬ ውስጥ ገባ። "ይቺ መኪና የት ነው የምታድረው? አሳየኝ።"

አስራ አንድ ሰዓት ገደማ ፈላና በር ደረስን። በቀኝ የአዴ ዘሃራ ጆንያ አለ፤ በግራ ግንቡ፤ መሀል ላይ ደግሞ፣ ወደ ግንቡ ጠጋ ብሎ፣ ትራስ የሚያህል ድንጋይ ተቀምጧል። እኔ እንደ ልማዴ ቲማቲሙን እንዳልረግጥ ወደ ግንቡ ተጠጋሁ። ግራው ጎማ ድንጋዩን በጎኑ እየፋቀ ወጣበት፤ መሪው እጄ ላይ ተንቀጠቀጠ፤ ጓ አልንና መኪናዋ አንድ ትከሻዋን ከፍ አድርጋ ቆመች። እኔም በሥራዬ ረክቼ ሞተሩን አጠፋሁ።

ጀማል ፊቱን በሁለት እጁ ሸፍኖ ነበር።

"በየቀኑ እንዲህ ነው የምታደርጋት?"

"በቀን ሁለቴ። ማታ እወጣበታለሁ፣ ጠዋት እወርድበታለሁ።"

"ያ ረቢ! ታዲያ ድንጋዩን ለምን አታነሳውም?"

እዚህ ላይ ተቆጣሁ። የሐረር ልጅ ሆኖ እንዲህ ይጠይቃል? ግንቡ ስር ያለ ድንጋይ ይነሳል? ቅርስ ነው! ይህ ድንጋይ በአሚሮቹ ዘመን ግመል ይታሰርበት የነበረ ለመሆኑ ለስንት እንግዳ አስረድቻለሁ! ያን ጊዜ ባለቤቴ ከገበያ ስትመለስ ደርሳ አጠገባችን ቆማ ነበር፤ ምስክር ትሁነኝ ብዬ "በልጅነቴ ስንት ቀን ተቀምጬበታለሁ፣ አልነገርኩሽም?" አልኳት። ነግረኸኛል አለች።

አዴ ዘሃራ ቃሪያ እየሰበሰቡ ነበር። ቀና አሉ።

"የቱ? ይሄ ድንጋይ?"

"አዎ አዴ ዘሃራ፣ እርስዎ ይንገሩት።"

"ይሄማ የኔ ነው። ከማሳዬ ዳር አንስቼ በአህያ ያመጣሁት።"

አህያዋ እንኳ ጆሮዋን ያቀናች መሰለኝ።

"መኪናዋን የገዛህ ሰሞን ባጃጆቹ ቦታህን እየያዙብህ ስትዞር አሳዘንከኝ። ቦታውን ይጠብቅለት ብዬ አስቀመጥኩት። ስትመጣ ታነሳዋለህ ብዬ ነው እንጂ ትወጣበታለህ ብዬ ወላሂ አላሰብኩም!"

"ታዲያ ስወጣበት እያዩ ለምን አልነገሩኝም?"

"አንተ የተማርክ ሰው! መኪናዋ እንዳትንሸራተት ብለህ መስሎኛ። ለልጆቼ እንኳ 'እዩ፣ ትምህርት ማለት ይሄ ነው' ብያቸዋለሁ።"

ባለቤቴ የያዘችውን ዘንቢል መሬት አስቀምጣ ግንቡን ተደግፋ ሳቀች። እንዲህ ስትስቅ ካገባኋት ወዲህ አይቻት አላውቅም። "በልጅነትህ የተቀመጥክበት!" ትላለች፣ ትስቃለች፣ ዓይኗን ትጠርጋለች፣ እንደገና ትጀምራለች።

አዴ ዘሃራ ግን አልሳቁም። ጀማል ድንጋዩ ጎማዎቹን እንዳኳረፈ፣ ጎማዬንም የበላው ይኸው እንደሆነ ሲነግራቸው እጃቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ።

"ለዚህ ነበር ለካ!" አሉ። "ምንም የለም ስትለኝ ልቤ አላረፈም ነበር። ልጄ፣ አውፍ በለኝ።"

አሁን አልሳቅኩም። "አውፍ ብያለሁ" አልኳቸው፤ "እርስዎም አውፍ ይበሉኝ። በዚህ መኪና ነገ ላወርድዎት መፍራቴን ደብቄዎት ነበር።" ሰው ሊጠቅመኝ አስቦ ያስቀመጠውን ነገር ስወጣበት መክረሜ አሳፈረኝ፤ ተጨነቀልኝም ብዬ ደግሞ ደስ አለኝ።

ድንጋዩን እኔና ጀማል ተሸክመን ወደ ዳር አደረግነው። ቅርሱ ለሁለት ሰው እንኳ በቅጡ አልከበደም። ጀማል እዚያው ግንቡ ስር ሲባጎውን ወጠረ። የባጃጅ ሾፌሮቹ አንዱን ጫፍ ያዙ፤ ሌላውን ጫፍ አዴ ዘሃራ "ስጡኝ፣ እኔ ነኝ ያጣመምኳት" ብለው ነጥቀው ይዘው፣ ጆንያቸው ላይ እንደተቀመጡ እጃቸውን ሳያንቀሳቅሱ ጠበቁ። ሥራው ሲያልቅ ገና አልመሸም ነበር።

ማክሰኞ ጠዋት ልጆቹ በሚኒባስ ከኋላ ተከተሉን። አዴ ዘሃራ ነጭ ለብሰው ከጎኔ ተቀመጡ። አወዳይን አለፍን፣ ሐረማያን አለፍን፤ የመሪው ምልክት ቀጥ ብሎ አፍጥጦ ያየኛል። እኔ ግን መሪውን በሁለት እጄ ጨብጬዋለሁ። ደንገጎ ላይ የመጀመሪያው ጥምዝ ስንደርስ መኪናዋ ያዞርኳትን ያህል ዞራ፣ ስመልሳት ተመለሰች። ሁለተኛውም ሦስተኛውም እንደዚያው። አይዞዎት ልላቸው ዞር ስል አዴ ዘሃራ አንገታቸውን ወደ መስኮቱ ጣል አድርገው እንቅልፍ ወስዷቸዋል። በአስራ ስምንት ዓመት አስተማሪነቴ እንደዚያች እንቅልፍ ያኮራኝ ምስጋና የለም። ገደሉ በየት በኩል እንደነበረም ሳላይ ወረድኩ።

አውሮፕላን ማረፊያው በር ላይ እጄን ይዘው ብዙ መረቁኝ። ለመግባት ሁለት እርምጃ ከሄዱ በኋላ ተመለሱ።

"ድንጋዩን ጣልከው?"

"አልጣልኩትም፤ ዳር ላይ ነው።"

"እንዳትጥለው። እኔ የምቀመጥበት ላይ አድርግልኝ። እስክመለስ ሌላ ሰው ጆንያውን እንዳይዘረጋበት።"

ከድሬዳዋ ስመለስ በመጀመሪያ የሄድኩት ጎማ ነጋዴው ዘንድ ነው። አውፍ በለኝ አልኩት። ሻይ አዘዘ፤ ይህኛው ሻይ ጉሮሮዬ ላይ አልቆመም። ከዚያ ፈላና በር ሄጄ ድንጋዩን አንስቼ አዴ ዘሃራ ቦታ ላይ አስቀመጥኩት። መኪናዬን ከጎኑ፣ ለግንቡ ትይዩ አድርጌ አቆምኳት።

ትናንት ከትምህርት ቤት ስመለስ አንድ ድንች ሻጭ ድንጋዩን በእግሩ ገፋ ገፋ ሲያደርገው ደረስኩ። ሞተሩን እንኳ ሳላጠፋ ዘልዬ ወረድኩ።

"እንዳትነካው! ቅርስ ነው!"

ሰውየው ደንግጦ እግሩን ሰበሰበ። "ይቅርታ ወንድሜ፣ አላወቅኩም። የማን ነው?"

"የአዴ ዘሃራ ነው" አልኩት። "የሚነሳው እሳቸው ሲመጡ ነው።"